ዕቃን በሰው ስም የሚጠሩት እትዬ ሉባባ

የእትዬ ሉባባን መሞት የሰማሁት ደሴ፣ ሆጤ፣ ቤቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ነው። የደወለችልኝ ታናሽ እህታቸው ሰዓዳ ናት፤ ከኮምቦልቻ። «ሉባባ ሄደችብን» አለች። እኔም ሞኝ ሆኜ «ወዴት?» አልኳት። ከኋላዋ የሴቶች ለቅሶ ሲሰማኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

እርጥቡን አንሶላ እንደ ተጨማደደ ገመዱ ላይ ጥዬው ወጣሁ። ሚኒባሱ እየተጠማዘዘ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዓይኔን አይቶ «ምነው? ዘመድ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ዘመዴ አይደሉም። ጎረቤቴም አይደሉም። የሥራ ባልደረባዬ ናቸው እንዳልል ከፋብሪካው ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። «የማውቃቸው ሴት ናቸው» አልኩት። ይህንንም ብዬ የዋሸሁት መሰለኝ፤ ሃያ ዓመት ያህል ቤታቸው ተመላልሼ፣ እትዬ ሉባባን አወቅኋቸው ብዬ ለመማል አልደፍርም።

የተዋወቅነው መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝ ሲል ኮምቦልቻ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ፤ ሽመና ክፍል። አባቴ ደሴ የአንዲት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ቤታችን ግድግዳ ላይ ጥቅስ ከተጻፈበት የቀን መቁጠሪያ በቀር የሚሰቀል ነገር አልነበረም። እንዲህ ካለ ቤት ወጥቼ ነው እንግዲህ እሳቸው እጅ የወደቅኩት።

እትዬ ሉባባ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ አጥብቀው የሚያስሩ፣ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት። ከሽመና የወጣው ጨርቅ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ በፊታቸው ያልፋል፤ እሳቸው እንከን ባዩበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ምልክት የበዛበት ጨርቅ ይጣላል። ከሠራተኛው የሚፈራቸው እንጂ የሚወዳቸው አልነበረም።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት አስጠሩኝ።

«ምህረት ማለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስምሽ እዚህ አይሠራም። ነይ እዪ።»

ጨርቁን ዘርግተው በጣታቸው ጫፍ አሳዩኝ። አንዲት ክር ስታለች። ባያሳዩኝ ኖሮ አላያትም ነበር።

«አንድ ክር ናት እኮ፣ እትዬ።»

«አንድ?» አሉና ጥቅሉን ይፈቱት ጀመር። አንድ ክንድ፣ አምስት ክንድ፣ አሥር ክንድ። ያቺው ክር፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ እስከ መጨረሻው ስታለች። «ማሽን አንዴ ከሳተ እስኪያቆሙት ድረስ ያንኑ ነው የሚስተው። አጠገቡ የቆመ ሰው ማቆም ነበረበት። አጠገቡ የቆምሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ጥቅሉን እንዳለ ጣሉት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፃቸውን ስሰማ ማሽኔ ላይ አጎነብስ ነበር።

በመስከረም ወባ ያዘኝ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ የኮምቦልቻን ወባ አልለመድኩትም። በተከራየሁት ክፍል ሦስት ቀን ብቻዬን ስንቀጠቀጥ ቆይቼ በአራተኛው ቀን በሩ ተከፈተና እትዬ ሉባባ ገቡ። ግንባሬን በእጃቸው ጀርባ ነክተው «ያ አላህ! ይቺ ልጅ ሰው የላትም እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው። በጋሪ አስጭነው ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ደግሞ ወደ ቤታቸው እንደ ወሰዱኝ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው።

እኔ የማስታውሰው ድምፃቸውን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ተኝቼ ለእህታቸው ሲናገሩ እሰማለሁ።

«ሰዓዳ፣ እንድሪስን አምጪና ራስጌዋ አድርጊው።»

ወንድ ሊገባ ነው ብዬ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩ።

«ዘሐራን ትንሽ ከፍ አድርጊያት፣ ትወድቅባታለች። መሪጌታን ደግሞ እጠቢያቸውና ፀሐይ ላይ ድፊያቸው።»

በሙስሊም ቤት መሪጌታ ምን ይሠራሉ? ታጥበውስ ፀሐይ ላይ እንዴት ይደፋሉ? አእምሮዬን ልስት ነው ብዬ በውስጤ መጸለይ ጀመርኩ።

በነጋታው ትኩሳቱ ሲለቀኝ ቀና ብዬ አየሁ። እንድሪስ በርጩማ ነው። ሦስት እግር አለው፤ አንዱ እግሩ አጥሮ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። ዘሐራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሌማት ናት፤ ቀይና አረንጓዴ ጥለቷ ዙሪያውን በእኩል ሲሄድ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ የሰፋቻት ሴት ቁጥር ተሳስታለች። መሪጌታ ደግሞ ደሴ አካባቢ ያሉ አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ከዋንዛ የጠረቡት ገበቴ ነው። ሠሪው የተከበሩ ሰው ስለሆኑ ገበቴውም አንቱ ይባላል። ጥግ ላይ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለች ጥቁር እንስራ አለች፤ ወርቄ። ከበሩ በላይ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሏል፤ ሰይድ። ሰዓቱን ማን እንደ ሠራው ስለማይታወቅ በጠገነው ሰው ስም ይጠሩታል። «የወለደውን ባላውቅ ያዳነውን አውቃለሁ» አሉኝ።

በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ ጎጆ የሚያወጣ ሁሉ የሚመኘው ሶፋ፣ ባለመስታወት ቡፌና የፕላስቲክ አበባ ነበር። እትዬ ሉባባ ደሞዝተኛ ናቸው። ሾፌር የነበሩት ባላቸውም ሲሞቱ ባዶ እጃቸውን አልተዉዋቸውም። ልጅ አልወለዱም። ቢፈልጉ ሶፋውን ይገዙታል። ቤታቸው ያለው ግን ሁሉም የእጅ ሥራ ነው፤ አሮጌ ነው፤ ወይም አንድ ነገሩ ጎድሏል። ያም ሆኖ ቤቱ ያምር ነበር። ይህን ነው ማስረዳት የማልችለው። እያንዳንዱን ለብቻው ካዩት የሚጣል ነው፤ ከበሩ ላይ ቆመው ሁሉንም በአንድነት ሲያዩት ግን ገብተው መቀመጥ ያምርዎታል።

«ተሻለሽ? በይ እንድሪስ ላይ ተቀመጪና ሾርባሽን ጠጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እንድሪስ ተንገዳገደ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ቤታቸው መሄድ ለመድኩ። ፋብሪካ ውስጥ ግን ያው ናቸው። እሑድ በእጃቸው ያጎረሱኝ ሴት ሰኞ ጠዋት ጨርቄን ይጥሉታል። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ እዚህ ቤትዎ ያለው ሁሉ የተጣመመ ነው። እዚያ ግን አንዲት ክር አያሳልፉም። ለምንድን ነው?»

«እዚህ ያለው ርካሽ ስለሆነ ነዋ» አሉ።

አመንኳቸው። በሳምንቱ አብረን ገበያ ወጣን። ወርቄ የሚሏት እንስራ የሠራችው ወርቄ፣ የገጠር ሸክላ ሠሪ ናት። ሰዉ ማሰሮዋን እየገዛ እጇን አይጨብጣትም፤ ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ክፉ ነው ይባላል። እትዬ ሉባባ ሄደው አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጉልበቷን ይዘው «አፊያ ነሽ? ልጆችሽ አፊያ ናቸው?» አሏት። ከዚያ ከተደረደሩት ማሰሮዎች መካከል አፉ የጎበጠውን አነሡ። ወርቄ ራሷ አፈረች።

«ኧረ እሱን ይተዉት፣ እትዬ። እሳቱ አበላሽቶብኝ ነው። ይኸው ቀናው።»

አሻፈረኝ አሉ። የቀናውን ዋጋ ከፍለው ጠማማውን ይዘው ተነሡ። በመንገድ ላይ «ርካሽ ስለሆነ ነው አላሉኝም ነበር?» አልኳቸው።

«ቀናውን ሌላ ሰው ይገዛዋል» አሉኝ።

እንዲህ ከሆነስ ገባኝ፣ ለሠሪዎቹ አዝነው ነው አልኩ። ወር ሳይሞላ ይህም ፈረሰብኝ። አንድ የከሳ ሽማግሌ በርጩማ በትከሻው ተሸክሞ በራቸው ላይ ቆመ። እንጨት ሥራ እንደሚወዱ ሰው ነግሮት ነው። በርጩማው ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነው። እትዬ ሉባባ ገልብጠው አዩት፤ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ይሄ የእርስዎ ሥራ አይደለም። የሰው አይተው የቀዱት ነው። ይሂዱና የራስዎን ሠርተው ይምጡ» አሉት።

«ርቦኛል፣ እመቤቴ» አለ ሰውዬው።

አስገብተው ምሳ አበሉት። እጁን ራሳቸው አስታጠቡት። በርጩማውን ግን አልገዙትም፤ ሰውዬው እንደ መጣ ተሸክሞት ሄደ። እኔ ከፍቼባቸው «ቢገዙት ምን ነበረበት?» ብላቸው፣ ጥያቄው ራሱ እንዳልገባቸው ሆነው አዩኝና ሌላ ወሬ ጀመሩ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ዳንኤል የሚባል የደሴ መምህር ለጋብቻ ጠየቀኝ። ሆጤ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። ለእትዬ ሉባባ ስነግራቸው እልል አላሉም፤ አልሳሙኝም። «ቤቱ ስንት መስኮት አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሁለት።»

«ቤቱን ለኔ ተይው።»

አንድ ወር ሙሉ በየዕረፍት ቀናችን ይዘውኝ ዞሩ። ደሴ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ዳሩ የተቀረጸ፣ ጥግ ጥጉ የጠቆረ ትልቅ መስታወት አገኙ፤ እኔ ለማገዶ የቀረ እንጨት መስሎኝ አልፌው ነበር። ከደጋ የመጣ አንድ ሸማኔ ዘንድ ነጭና ጥቁር የበግ ጠጉር ምንጣፍ ገዙልኝ። ገበቴ አስጠረቡልኝ። መጨረሻ ላይ ደጋን የምትባል ከተማ ድረስ ሄድን። አውራ ጎዳናው ዳር ስፌት ዘርግታ የምትሸጠው ዘሐራ ያኔ ወጣት ነበረች። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «እትዬ! እንዴት ናፈቁኝ!» ብላ ሳመቻቸው። ሦስት ሌማት ገዛናት። እትዬ ሉባባ ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። «አየሻት? አትረሳኝም» አሉኝ።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው መጥተው ቤቱን አሳመሩት። ሌማቱን ይሰቅሉና እስከ በሩ ወደ ኋላ ሄደው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። ይመለሱና ሁለት ጣት ያህል ያንቀሳቅሱታል። «እስቲ ማን ከማን ጎን መሆን እንደሚወድ እንይ» ይላሉ። የዚያ አሮጌ መስታወት ብርሃን ምንጣፉ ላይ ሲወርድ እኔም ቆሜ አየሁ። ያምራል። ግን የማን ቤት እንደሆነ ጠፋኝ። የኔ አልመሰለኝም፤ የሌላ ሰውም አልመሰለኝም።

ከሦስት ቀን በኋላ የዳንኤል እናት ወይዘሮ አስካለ ሶፋና ቡፌ አስጭነው መጡ። ገብተው ዞር ዞር ብለው አዩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ልጄ፣ እኔ የተወለድኩት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ገበቴ ሳጥብ፣ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ነው ያደግሁት። ልጆቼን ከዚያ ለማውጣት ስንት መከራ አየሁ መሰለሽ! አሁን መልሰሽ ግድግዳ ላይ ትሰቅይብኛለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ሌማቶቹን በገዛ እጄ አወረድኳቸው። መስታወቱንና ምንጣፉን ጠቅልዬ ከማድ ቤቱ አጠገብ ያለች ጓዳ ውስጥ ከተትኩ። ሶፋው ገባ። በቡፌው ላይ ቀይ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ እትዬ ሉባባ ሊጠይቁን መጡ። ገቡ፤ ግድግዳውን አዩ፤ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው «ይመቻል!» አሉ። ወይዘሮ አስካለን የት እንደ ገዙት ጠየቋቸው። ሁለቱ እየተሳሳቁ ስለ ሶፋ ጨርቅ ሲጫወቱ ቆዩ። እኔ ቁጣውን ስጠብቅ ጠብቄ፣ ልሸኛቸው ስወጣ ብቻችንን ስንሆን ይመጣል ብዬ አሰብኩ።

«ዕቃዎቹን የት አደረግሻቸው?» አሉኝ በሩ ላይ።

«ጓዳ ውስጥ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ፣ እኔ…»

«ዝናብ አያግኛቸው እንጂ፣ ይሁን። አብሽሪ።»

ይኸው ነው። ሄዱ። እኔ ግን አልቀለለኝም። በወሩ ኮምቦልቻ ቤታቸው ስሄድ፣ የወርቄ ጠማማ ማሰሮ ውስጥ ቀይ የፕላስቲክ አበባ ቆሞ አገኘሁ። ቡፌያችን ላይ ያለውን የሚመስል አበባ! በዚያ ቤት ውስጥ ፋብሪካ የሠራው ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«ምህረት ናት» አሉኝ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። «ምን አሉኝ?»

«ማን እንደ ሠራት አላወቅኩም። ስም ያስፈልጋት ስለ ነበር ባንቺ ጠራኋት።»

ፊታቸውን አየሁ። አልሳቁም፤ አልተኮሳተሩም። ቂማቸው ነው? ፕላስቲክ ነሽ ማለታቸው ነው? ወይስ ከሚወዷቸው ሰዎች ጎን አቆሙኝ? ሰዓዳን ወደ ጓሮ ወስጄ፣ ስሟን ሳላነሣ ስለ አበባዋ ብጠይቃት ትከሻዋን ሰበቀች። «በየቀኑ አቧራዋን ትጠርግላታለች። ሌላ የማውቀው የለም» አለችኝ። ባለቤቴ ሰድበውሻል አለኝ፤ አባቴ አክብረውሻል አለኝ። እኔ አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ሳምን ኖርኩ።

ዓመታት አለፉ። ልጆች ወለድኩ፤ ፋብሪካውን ትቼ ደሴ ቀረሁ። እትዬ ሉባባ ጡረታ ወጡ። በዒድ እሄድላቸዋለሁ፤ በገና ይመጡልኛል። አንድ ዒድ ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ፤ ላስደንቃቸው ብዬ ነው። ፊት ለፊት አዩኝ። «ማነው?» አሉ። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቄን ሲሰሙ ነው «ምህረት!» ያሉት።

ዓይናቸው ጠፍቷል። ለማንም ሳይናገሩ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ቆይቶ ነው። ያን ቀን ዝም ብዬ ተከታተልኳቸው። ከአልጋው ተነሥተው እጃቸውን ሲዘረጉ በርጩማውን ያገኛሉ፤ አጭር እግሩን ነክተው «እንድሪስ» ይላሉ። ግድግዳውን ሲዳብሱ ሌማቷ ላይ ይደርሳሉ፤ ጥለቱ የተሳሳተበትን ቦታ በጣታቸው ያገኙና ወደ ማድ ቤቱ መታጠፊያውን ያውቃሉ። አንድም ነገር ሳይመቱ ቤቱን ዞሩት። በውስጤ እልል አልኩ። በመጨረሻ ገባኝ! ዓይናቸው እንደሚጠፋ አውቀው፣ በእጅ የሚለይ ቤት እየሠሩ ኖረዋል! የፋብሪካ ዕቃ ሁሉ ለእጅ አንድ ነው፤ ይሄ ግን እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው። ሮጬ ሄጄ ለሰዓዳ ነገርኳት።

ሰዓዳ እየተንከተከተች ሳቀችብኝ።

«ዓይንን ምን አመጣው? እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ዓይኗ እንደ ጭልፊት ነበር። አባታችን ከአሰብ አዲስ ሳፋ አመጣላት። እሷ ሳፋውን ለጎረቤት ሰጥታ የተሰነጠቀ ገበቴ ይዛ ገባች። እንዴት ተገረፈች መሰለሽ! ገበቴውን አቅፋ ነው የተገረፈችው።»

«ለምን እንዲህ እንዳደረጉ አልተናገሩም?»

«ለአባታችን ርካሽ ነው አለችው። ለእናታችን ጎረቤታችን አሳዝናኝ ነው አለቻት። ለኔ ምንም አላለችኝም፤ ልጅ ነኛ።»

በዚያ ሰሞን ደሴ ተመልሼ ጓዳውን ከፈትኩ። ምንጣፉን ብል በልቶታል። ከሦስቱ ሌማት አንዱን አይጥ ጨርሶታል። የተረፈውን ጠርጌ ሰቀልኩ። ወይዘሮ አስካለ ያኔ አርጅተው ከኛ ጋር ነበሩ፤ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሌማቶቹን ቀና ብለው አይተው «የእናቴን ይመስላሉ» አሉ። ይህን ለእትዬ ሉባባ ስነግራቸው የጠየቁኝ «ሶፋውስ ደህና ነው?» ብለው ነው።

እንግዲህ ያን ቀን ለቅሶ ስደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። ሰዓዳ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ግድግዳው ባዶ ነው። ወለሉም ባዶ ነው። ዕቃው ሁሉ በነጠላ በነጠላ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ተደርድሯል።

«ወሲያ ትታለች» አለችኝ። «እያንዳንዱ ለሠራው ሰው ይመለስ ብላለች። ሠሪው ከሞተ ለልጆቹ። እንድሪስን ለቀብር የመጣው ልጁ ወሰደው። መሪጌታን ሰው ልኬላቸዋለሁ። አንዱ ብቻ አልገባኝም። ምህረትን ለምህረት ስጧት ነው ያለችው። ዱዓ ነው ብዬ አሜን አልኩ።»

ሳትጠቀለል ብቻዋን የቀረችውን የፕላስቲክ አበባ ከመስኮቱ ላይ አነሣሁ። ለሰዓዳ አስረዳኋት። ሁለታችንም አለቀስን፤ ሁለታችንም ለምን እንዳለቀስን አላወቅንም።

ዘሐራን ለማድረስ እኔ ተስማማሁ፤ ደጋን ሄጄ የማውቃት እኔ ነኛ። በሦስተኛው ቀን ሌማቷን አቅፌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዘሐራ እዚያው አውራ ጎዳናው ዳር ናት፤ ወፍራለች፤ ከጎኗ ሁለት ሴት ልጆቿ ይሰፋሉ። ነጠላውን ፈታሁና ሌማቷን ጭኗ ላይ አኖርኩ።

«እትዬ ሉባባ ዐረፉ። ይቺን ለዘሐራ መልሱላት ብለው ነው።»

«ኢና ሊላሂ!» አለች ደንግጣ። ቀጥላም «የቷ ሉባባ?» አለችኝ።

የኮምቦልቻዋ አልኳት። ረጅሟ፣ ቀጭኗ፣ መነጽር በክር የሚያንጠለጥሉት። አንዴ ከኔ ጋር መጥተው ሦስት ሌማት የገዙሽ። ናፈቁኝ ብለሽ የሳምሻቸው። ዘሐራ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች፤ ልታስታውስ በእውነት ለፋች።

«እህቴ፣ ስንት ሰው ይገዛኛል። የመጣውን ሁሉ ናፈቅኸኝ፣ ናፈቅሽኝ እላለሁ። ሥራዬ ነው። አላህ ይዘንላቸው።» ሌማቷን ገለበጠቻት። «ወይ ጉድ! ይሄ የልጅነት ሥራዬ ነው። እዚህ ጋ ተሳስቻለሁ። ይሄን እንዴት ገዙኝ?»

«ሃያ ዓመት ግድግዳቸው ላይ ነበረች። በስምሽ ነው የሚጠሯት።»

«በኔ ስም?» አለች። መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፤ ልጆቿም እጃቸውን ዘረጉ። አሜን ብለው ፊታቸውን አበሱ። በዚያው ቅጽበት የአዲስ አበባ ታርጋ ያለው አንድ መኪና መጥቶ ቆመ። መነጽር ያደረገች ሴት በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ያቺ አሮጌዋ ስንት ናት?»

«አዲስ አለ፣ እህቴ። ይኸው የሚያምር።»

«አዲስ አልፈልግም። ቤቴ ውስጥ የምሰቅለው ነው። እሷን ነው የፈለግሁት።»

ዘሐራ ዞራ አየችኝ። አፌን ከፈትኩ። አትሽጪያት ልላት ነው፤ እኔ ልውሰዳት ልላት ነው። ግን እትዬ ሉባባ ለዘሐራ ስጧት ነው ያሉት። የዘሐራ ከሆነች ዘሐራ ትሸጣታለች። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሌማቷ በመስኮቱ ገባች፤ መኪናው ወደ ደሴ አቅጣጫ ሄደ።

«አጠፋሁ እንዴ?» አለችኝ ዘሐራ። ፊቷ ላይ ሐዘን ነበር።

«እኔም አላውቅም» አልኳት።

ኮምቦልቻ ስመለስ ሰዓዳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከኋላዋ ቤቱ ውስጥ ለቅሶ የመጡ ሴቶች ተቀምጠዋል።

«አደረስሽላት?»

«አደረስኩላት።»

«አስታወሰቻት?»

በሕይወቴ ብዙ አልዋሽም፤ ያደግሁበት ቤት አያስዋሽም። የሰዓዳን ዓይን አየሁ።

«ወዲያው» አልኳት። «ስማቸውን ስጠራ አለቀሰች። ሌማቷን አቅፋ ቀረች።»

ሰዓዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሰማችሁ? የደጋኗ ሴት አልረሳቻትም! አቅፋት አለቀሰች!» አለቻቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ሴቶቹ። አንዲት አሮጊት ዱዓ ጀመሩ። የምቆምበት ቦታ ጠፋኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ባዶው ወለል ላይ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። ዱዓው ሲያልቅ እኔም ከነሱ ጋር አሜን አልኩ።